የአለሜ ግንባር

ነጥቦቹ አልተንቀሳቀሱም።

ንጋት ማውሱን ተጭና ፎቶውን ወደ ቀኝ ጎተተችው። የሙሽራዋ እናት ከነነጠላቸው፣ ከነጉትቻቸው ተንሸራትተው ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ሄዱ። ወደ አረንጓዴ የሚያደሉት ሰማያዊ ነጥቦች ግን እናታቸው ጥላቸው እንደሄደች ጫጩቶች በነበሩበት ኩርምት ብለው ቀሩ።

«እንዴ! እናንተ ደግሞ!» አለቻቸው።

ፎቶውን ወደ ግራ መለሰችው። ሴትዮዋ መጡ፤ ነጥቦቹ ንቅንቅ አላሉም። ለካ ነጥቦቹ ፎቶው ላይ አልነበሩም፤ ስክሪኑ ላይ ነበሩ! ንጋት ብቻዋን ሳቀች። ክረምቱን ሙሉ ከነዚህ ነገሮች ጋር ስትጨቃጨቅ ነው የከረመችው።

ኮምፒውተሩ ከወልዲያ በአይሱዙ ጀርባ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር ጋሻዬ ፎቶ ቤት የገባው። ያኔም ወጣት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ብርድ እያለ ደህና ይሠራል፤ ሞቅ ሲለው ግን አመሉ ይነሳበታል። መጀመሪያ ፊደሎቹ ጥላ ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ፊት ከኋላው ሌላ የደበዘዘ ፊት ያስከትላል። ቀጥሎ ነጥቦቹ ይመጣሉ። ከነጥቦቹ በኋላ እንደ ነጠላ ጥለት የተሰደሩ መስመሮች፣ ከመስመሮቹ በኋላ ድርግም ያለ ጨለማ። ያኔ ንጋት ጎኑን በጥፊ ትለዋለች። አንዳንዴ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ያኮርፋል።

አብዱልጀባር የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ከወልዲያ በመጣ ጊዜ ሆዱን ከፍቶ አይቶት ነበር። «ቪዲዮ ካርዱ ነው» አለ፣ በአቧራ የተለበጠች አንዲት ቁራጭ እያሳየ። «ምስሉን ወደ ስክሪኑ የምትልከው ይቺ ናት። አርጅታለች፤ ትቀየር።»

«ካርድ ከሆነማ ፍቀን እንሙላዋ!» አለ ባለሱቁ ጋሻዬ፣ እንደ ሞባይል ካርድ አየሩን በጥፍሩ እየፋቀ። ተሳሳቁ። ካርዱ ግን አልተቀየረም።

ጋሻዬ ካሜራውን አንግቶ ለሠርግና ለክርስትና ሲሄድ ሱቁን የምትይዘው ንጋት ናት። ዘጠነኛ ክፍል ነች፤ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነች ከሰዓት ትመጣለች። ፎቶሾፕን ያስተማራት የለም፤ ከጋሻዬ ትከሻ በላይ አንገቷን አስግጋ ነው የሰረቀችው። እሱ የሰጣት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፦ «ነጥብ ካየሽ አጥፊ። የድሮ ፎቶ ሻጋታ የበላው ነው፤ ሰው ደግሞ ፊቱ ጠርቶ እንዲወጣለት ይፈልጋል።»

እሷም ታጠፋለች። አንዳንዱ ነጥብ ባንዴ እሺ ይላል፤ ከጎኑ ካለው ቆዳ ገልብጣ ስትለጥፍበት ድራሹ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን ቢለጥፉበት፣ ቢደጋግሙበት፣ ቢሰድቡት ወይ ፍንክች! እነዚህን «ግትሮቹ» የሚል ስም አውጥታላቸዋለች። የሚገርመው ግትሮቹ ሲታተም አይወጡም። ንጋትም ፕሪንተሩ ያዘነላት ይመስላት ነበር።

አሁን ገባት። ግትሮቹ የማሽኑ ናቸው፤ እምቢ የሚሉት ለዚያ ነው። እሺ እያሉ የጠፉት ናቸው የፎቶው።

የሙሽራዋን እናት ደግማ ጎተተቻቸው። ግንባራቸው ላይ፣ በሁለቱ ቅንድቦቻቸው መካከል፣ ቅድም ልታጠፋት እጇን ያነሳችባት አንዲት ደብዛዛ ሰማያዊ ምልክት አለች። ምልክቷ ከግትሮቹ መሐል ተለይታ ከሴትዮዋ ጋር አብራ ሄደች። ንጋት አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋች። ንቅሳት ነው። የመስቀል ንቅሳት።

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«አለሜ» አለች በቀስታ።

አለሜ የጓደኛዋ የእየሩስ እናት ናት። ንጋት በዓይኗ አይታት አታውቅም፤ ትንሿን ሸጌን ስትወልድ ነው የሞተችው። ዛሬ ሸጌ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ በዚህ እሑድ ደግሞ የአለሜ የሰባት ዓመት ተዝካር ይወጣል። ከአለሜ የተረፈው ፎቶ የክብሪት ቤት የምታክል አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበረች። እሷንም የእየሩስና የሸጌ ታላቅ ወንድም ደሳለ ከደረት ኪሱ አይለያትም ነበር። ሸጌ ገና አራት ዓመቷ ሳለ፣ ደሳለ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሊያቀና የተነሳ ዕለት፣ ጋሻዬ ፎቶዋን ስካን አድርጎ መለሰለት። ደሳለም ኪሱ ከቷት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያለበትን የሚያውቅ የለም፤ ፎቶዋም አብራው ጠፋች። በላስታ ምድር ላይ የአለሜ ፊት የቀረው በዚህ አመለኛ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው።

ያንን ፊት ነው ንጋት ባለፈው ሳምንት ያጸዳችው።

እንዴት እንደኮራች ታስታውሳለች። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ስክሪኑም ብሶበት ነበር። የአለሜ ግንባር በግትሮቹ ተወርሮ፣ ምስሉም ጥላ አውጥቶ ምኑም ከምኑ አይለይም። ከመሐላቸው አንዲት ሰማያዊ ብዥታ ግን ገና ስትነካት ጠፋችላት። ከሁሉ ቀድማ የጠፋችው እሷ ነበረች። «ተባረኪ፣ እንዳንቺ ያለውን ያብዛልኝ!» ብላታለች ንጋት። ከዚያ በአሮጌው ላይ ሴቭ አደረገችው። ጋሻዬ «ዲስኩ ሞልቷል» ስለሚል ሁለት ኮፒ አይቀመጥም።

መሳቢያውን ከፍታ የታተመውን አወጣች። ደብተር የሚያክል ትልቅ ፎቶ ነው። አለሜ ቀጥ ብላ ታያታለች፤ ግንባሯ እንደታጠበ ሳህን ባዶ ነው። ንጋት ምናልባት እድፍ ነበር ብላ ተመኘች። ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሴት አይነቀስም።

«እመቤት ፎቶ!» የሚል ድምፅ ከበሩ ላይ አስደነገጣት።

እየሩስ ናት። በአንድ እጇ የሽንኩርት ፌስታል፣ በሌላው ሸጌን ይዛ ቆማለች። «ደረሰ ወይስ ዛሬም ቀጠሮ ነው? አንቺ እኮ ከፍርድ ቤት ባስሽ!»

ንጋት ፎቶውን ደብተሯ ውስጥ ወሸቀችው። «ቀለሙ አልደረቀም። ነገ ከገበያ መልስ ነይ።»

«ቀለም ነው ጭቃ? ነገ ደግሞ ሌላ ካመጣሽ እትዬ ይማርሽን ነው የምልክብሽ።»

እትዬ ይማርሽ የአለሜ ታላቅ እህት ናቸው፤ ልጆቹን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በሰፈሩ ውሻው ሳይቀር ምላሳቸውን ይፈራል።

ሸጌ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ተንጠራራች። ኮምፒውተሩን በአገጯ እያሳየች «እናቴ እዚህ ውስጥ ናት?» አለች።

«አዎ፣ ውስጥ ናት» አለች ንጋት።

«ምን ትሠራለች?»

«ፊቷን እየታጠበች ነዋ!» አለች እየሩስ። «ንጋት ናት የምታጥባት፤ ለእሑድ እንድታምር።»

ንጋት ደብተሯን ዘጋች። «እየሩስ… እናትሽ ግንባሯ ላይ ነገር ነበራት እንዴ?»

«መስቀሏን ነው? አዎና! ደሳለ እኮ ፎቶዋን የሚስማት መስቀሏ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ። ምነው፣ አልጎላም?»

«ስክሪኑ ነው። ይደበዝዛል።»

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

«አጉልተሽ አውጪልኝ፣ በሞቴ! ይቺ ልጅ በፎቶ ያየችውን ፊቷን ጨርሶ ረስታዋለች።» እየሩስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹እናቴ ምን ትመስላለች?› ትለኛለች፤ ‹አንቺን› እላታለሁ። ‹እኔስ ማንን እመስላለሁ?› ትለኛለች። ምን ልበላት? ከዚህ በኋላ ፎቶውን ግድግዳ ላይ እሰቅልላትና እገላገላለሁ።»

ሄዱ። ንጋት ሸጌ እየዘለለች ኮረብታውን ስትወጣ በተከፈተው በር አየቻት። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ምንም ሳትነካ ስክሪኑን ስታይ ቆየች። ግትሮቹ በዙ። መስመሮቹ መጡ። ስክሪኑ ጨለመ። በጥፊ አልመታችውም።

ጋሻዬ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ምዕመናን ሲያነሳ ውሎ አቧራ ለብሶ ሲገባ ንጋት ሁሉንም ዘረገፈችለት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዞሮ የሱቁን በር ገርበብ አደረገ።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«ስሚኝ፤ ያለሽው ላሊበላ ነው። ‹ጋሻዬ ፎቶ ቤት መስቀል ይፍቃል› ቢባል ማን ይመጣልኛል? ዲያቆኑ? ሙሽራው? ይቺን ኮምፒውተር ሳስገባ እንኳ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ ያሉኝ ናቸው።» አንገቱን አከከ። «የጠፋው መስቀል ነው አይደል? መስቀል ካለበት ግንባር ወስደሽ ለጥፊ። እኚህ አሉልሽ፤» ወደ ሙሽራዋ እናት ፎቶ ጠቆመ።

«የሌላ ሰው እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«መስቀል የማን ነው? የሁላችንም ነው!»

ንጋት ብትጠላው ይቀላት ነበር። ግን ጋሻዬ ፈተና ሲደርስ «ሂጂ አጥኚ፣ እኔ እቀመጣለሁ» ብሎ የሚያሰናብታት ሰው ነው። ተሳስታ ያበላሸችውን ሁሉ ለባለጉዳዩ «እኔ ነኝ» እያለ የተሸከመላት እሱ ነው። አሁንም ፊቱ ላይ ያየችው ክፋት ሳይሆን ፍርሃት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ማሽኑ ገና ብርድ ላይ ሳለ፣ የሙሽራዋን እናት መስቀል ገልብጣ በአለሜ ግንባር ላይ ለጠፈችው። ትንሽ አሳነሰችው፤ ትንሽ አጠቆረችው። ልክክ አለ። ያስፈራል እንዴት ልክክ እንዳለ! ሞቅ ሲለውና ነጥቦቹ ሲመጡ ፎቶውን ወደ ቀኝ ጎተተችው። ግትሮቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ መስቀሉ ከአለሜ ጋር አብሮ ሄደ። በዚህ ከተመዘነ የራሷ ነው። ማንም ሊለየው አይችልም። ከንጋት በቀር።

ፕሪንተሩ እያቃሰተ ተፋው።

«አየሽ?» አለ ጋሻዬ ወደ ብርሃን አንስቶ። «እንዲያውም ከበፊቱ አማረባት። ያንን ባዶውን ቅደጂው።» አዲሱን ራሱ ፖስታ ውስጥ ከተተው። ንጋት ባለ ባዶ ግንባሩን ፎቶ ደብተሯ ውስጥ ነካችው እንጂ አልቀደደችውም።

ገበያው ሲሟሟቅ፣ የአህያና የሰው ጫጫታ መንገዱን ሲሞላው፣ እየሩስና ሸጌ ብቅ አሉ። እየሩስ ከበሩ ጀምራ እጇን ዘረጋች። «ዛሬ ሰበብ የለም! እትዬ ይማርሽ ጠላ እያስጠለሉ ነው፤ ግቢው በሴት ተሞልቷል፤ ሁሉም ‹ፎቶው የታለ› ይላል።»

«ይኸውላችሁ፤ እግዜር ነፍሷን ይማር» አለ ጋሻዬና ፖስታውን ሰጣት።

«እኔ! እኔ ልክፈተው!» ሸጌ ከእህቷ እጅ ነጠቀች። ፎቶውን ስባ አወጣች። የእናቷን ዓይን፣ አፍንጫ፣ አንገት አንድ በአንድ አየች፤ ጣቷን መስቀሉ ላይ አሳረፈች። ከዚያ፣ ማንም ሳያዛት፣ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ወደ መስቀሉ አስጠጋች።

«እሱን አትሳሚው!»

ንጋት የራሷን ድምፅ ሰምታ ደነገጠች። ሸጌ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ንጋት!» አለ ጋሻዬ። ስሟን ብቻ ነው የጠራው፤ ይበቃ ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች እየሩስ። «ሕፃን ታስደነግጫለሽ?»

«መስቀሉ የእናትሽ አይደለም» አለች ንጋት። ከጀመረች ወዲያ መቆም አልቻለችም። «የሷን አጠፋሁት። ይሄን ከሌላ ሴት ፎቶ ወስጄ ነው የለጠፍኩት።»

«ማሽኑ ነው!» ጋሻዬ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። «ቪዲዮ ካርዱ ሞቷል፤ በየፊቱ ላይ ነጥብ ይነሰንሳል፤ ማንም ቢሆን ይሳሳታል።»

«ማሽኑ አደናገረኝ፤ እውነት ነው። ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ጎተት አድርጌ ባየው ኖሮ የትኛው የሷ እንደሆነ ይለይልኝ ነበር። አላየሁትም።»

እየሩስ ፎቶውን ከሸጌ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አየችው። «ትናንት ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር?»

«ትናንት ነው ያወቅኩት። አንቺ ስትነግሪኝ።»

«እና ‹ስክሪኑ ነው› አልሽኝ።» ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «ልጅቷን የሰው እናት ልታስሚያት ነበር በይኛ።»

ንጋት አንገቷን ደፋች። «መልሼ ላመጣው አልችልም። አንቺ እንዴት እንደነበር ከነገርሽኝ ግን እሠራዋለሁ። ክንዶቹ እኩል ናቸው? ከሥሩ ነጥብ ነበረው?»

«እንዴት ማለት? እንዲህ…» እየሩስ ጣቷን ወደ ራሷ ግንባር አነሳች። ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር ሳበች። ጣቷ ቆመ። አጥፍታ እንደገና ጀመረች። «ሰፋ ያለ ነበር… ጫፉ ላይ… አይ፣ ቆይ።» ሦስተኛ ጊዜ ሞከረችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አላስታውሰውም» አለች። «ንጋት፣ እኔ አላስታውሰውም። በየቀኑ እኮ አየው ነበር። በፎቶው ላይም አይቼዋለሁ። እንዴት ነው የማላስታውሰው?»

ንጋት ያጠፋችው ምን እንደሆነ በትክክል የገባት ያኔ ነው።

ከውጭ ሰዎች በበግ ዋጋ እየተከራከሩ አለፉ። ሸጌ የእህቷን ቀሚስ ይዛ አንዱን ካንዱ እያየች ነበር።

«እትዬ ይማርሽ ያውቁታል» አለች እየሩስ በመጨረሻ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «ሲነቅሷት እጇን ይዘው የነበሩት እሳቸው ናቸው።»

«እንሂድ፤ እኔ እጠይቃቸዋለሁ» አለች ንጋት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከሸጌ በቀር ሁሉም ያውቃሉ። ግቢው በሴት ተሞልቷል። እዚያ የተነገረ ነገ ከቅዳሴ መልስ ከተማውን አልፎ ገነተ ማርያም ይደርሳል። የሙት መስቀል ያጠፋችው ልጅ እያሉ በጣት ያሳዩዋታል፤ እናቷም ይሰማሉ።

ጋሻዬ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ። «እዚያ ግቢ ከገባሽ» አለ፣ ኪቦርዱን እንጂ እሷን ሳያይ፣ «እዚህ አትገቢም። እኔም የምበላበት ሱቅ ነው።»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ።»

ደብተሯን አነሳች። ከጠረጴዛው ላይ የራሷን እርሳስ ፈልጋ ያዘች፤ ከደብተሩ ውስጥ ባለ ባዶ ግንባሩን ፎቶ አወጣች። የተለጠፈበትን ባንኮኒው ላይ ተወችው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው፣ መንገዱን ዘግተው ነበር የሚሄዱት። ዛሬ እየሩስ ቀደም ቀደም እያለች ትራመዳለች፤ ዞር አትልም። ንጋትም ልድረስብሽ አላለቻትም። ሸጌ ከሁለቱ መሐል አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ እየሮጠች ኮረብታውን ወጡ።

ከግቢው በር ሲደርሱ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። ከሁሉ በላይ የእትዬ ይማርሽ ድምፅ፦ «ኧረ እቴ፣ ወንፊቱን አቅኚው! አተላ ልታጠጪን ነው?»

እየሩስ በሩን ሳትነካ ዞረች። «አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው። እኔ አፌን አልከፍትም።»

«እኔ ነኝ።»

«ከነውሸትሽ።»

«ከነውሸቴ።»

እየሩስ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅርታ አልነበረም፤ ግን ከበሩ ፈቀቅ አለችላት። ሸጌ የፎቶውን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ሳበችው፤ ንጋት ጎንበስ ብላ አሳየቻት። ልጅቷ ባዶው ግንባር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነበር?»

«እዚያ ጋ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን እንጠይቃለን» አለች ንጋትና የቆርቆሮውን በር ገፋችው።